ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሚስጥር ለትሪለር ይሆናል ወይ? ትንሽ ከተማ ላይ ስለሚያጠነጥን ልቦለዴ ምክር ፈልጌ ነው

ደጋዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው የምኖረው፣ ማራኪ አካባቢ። ቀን ቀን ቢሮ ነኝ፣ ማታ ማታ ደግሞ ይኸው ሁለት አመት ሞላኝ አንድ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው፣ ሳይኮሎጂካል ትሪለር የሚባለው አይነት፣ ማለቴ ሽጉጥና መርማሪ የሚበዛበት ሳይሆን ፍርሃቱ ሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ያለበት። 140 ገጽ ላይ ደርሼ ቆሜያለሁ፣ ለምን እንደቆምኩ ልንገራችሁና የምታነቡም የምትጽፉም የመሰላችሁን በሉኝ።

ከተማዋ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስም አልሰጠኋትም ግን ዳባትን ወይ አምባ ጊዮርጊስን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያውቃታል፣ ብርዱ፣ የጠዋት ጭጋጉ፣ የገብስ ማሳው፣ ባህር ዛፉ፣ አንድ ዋና መንገድና መኪና ሲቆም የሚሯሯጡ ልጆች። ዋናዋ ገጸ ባህሪ ልጅ ሆና ከዛ ወጥታ አዲስ አበባ ያደገች ሴት ናት፣ እናቷ ስትሞት ለቀብር ትመለሳለች። አባቷ እሷ የ7 አመት ልጅ እያለች፣ ሐምሌ 1985 ላይ፣ ሑመራ ሰሊጥ ሊያርም ወርዶ በዛው ቀረ ተብሎ ነው የተነገራት። ሑመራና መተማ ወርዶ የቀረ ሰው በኛ አገር ስንት ነው፣ ወባው አለ፣ ሱዳን መሻገሩ አለ፣ ስለዚህ ማንም አይጠይቅም፣ እሷም ጠይቃ አታውቅም። ለቅሶው ላይ ግን ሰዎች አንዳንድ ነገር ጀምረው ይተዉታል፣ እሷ ስትገባ ወሬ ይቀየራል፣ አንዲት አሮጊት እጇን ይዘው ብዙ ካለቀሱ በኋላ «ይቅር በይን» ብለዋት ይሄዳሉ።

እውነቱ (ሳታውቁት መምከር ስለማትችሉ እነግራችኋለሁ) አባትየው ሑመራ አልሄደም። እናትየዋን ሲደበድብ ጎረቤት ደርሶ ሊያስጥል ሲል አባትየው እዛው ሞተ፣ ከዛ ጓሮ ቀበሩት፣ ሴትየዋም የደረሱላትም ሰዎች እንዳይታሰሩ ብለው ዝም አሉ። 25 አመት ዝም አሉ።

አሁን ችግሬ። ረቂቁን ለሶስት ጓደኞቼ ሰጥቼ ነበር። አንደኛዋ «ትንሽ ከተማ ውስጥ እኮ ሚስጥር አይደበቅም፣ ሰው ምን በላ ምን ጠጣ የሚታወቅበት ቦታ ሬሳ 25 አመት ተደብቆ ኖረ ስትዪኝ አላምንሽም» አለችኝ። ሁለተኛው አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነቃሁበት አለ፣ «አባትየው ጓሮ ነው ያለው» ብሎ ቴክስት ላከልኝ፣ ገና 60ኛው ገጽ ላይ ሆኖ! ሶስተኛዋ ደግሞ ሴትየዋ ድንገት ሁሉም ነገር ትዝ የሚላትን ቦታ አላመነችበትም። በዛ ላይ በአንደኛ መደብ «እኔ» እያልኩ ልተርከው ወይስ በሶስተኛ የሚለውን ሁለት ጊዜ ቀያይሬዋለሁ፣ በቃ ሰለቸኝ።

የመጀመሪያዋ ጓደኛዬ ያለችኝ ነው ከሁሉም የቆረቆረኝ ምክንያቱም ልክ ናት። እኔም እዛው አካባቢ ነው የተወለድኩት። እውነት ሚስጥር በኛ አገር ትንሽ ከተማ እንዴት ነው የሚኖረው?

የወገራ ሰው

ልጄ እንደምን አለሽ። እኔ ልቦለድ ጸሐፊ አይደለሁም ግን ከተማሽን አውቃታለሁ፣ እዛው አርጅቻለሁ፣ የእድር ጸሐፊም ሆኜ 11 አመት አገልግያለሁ፣ ስለዚህ ስለ ዝምታ የምነግርሽ አለኝ።

ጓደኛሽ ያለችው ግማሹ ልክ ነው። አይደበቅም። ግን አለመደበቅና መነገር አንድ አይደለም። እኛ ዘንድ ሚስጥር ማለት ማንም የማያውቀው ነገር አይደለም፣ ሁሉም አውቆ ማንም የማያነሳው ነገር ነው። እኔ ራሴ ሴት አያቴ ከወንድ አያቴ በፊት ሌላ ባል እንደነበራት የሰማሁት 30 አመት አልፎኝ ነው፣ ከተማው በሙሉ ያውቃል፣ የመጀመሪያ ባሏ ዘመዶች ቤታችን ፋሲካ ሲመጡ እኔ ነኝ እግራቸውን የማጥበው፣ እነሱም ያውቃሉ እኛ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ ምክንያቱም ነገሩ የሚነካው እኔን ነዋ። እንደዛ ነው የሚሰራው። ነገሩ ለሚመለከተው ሰው ነው የሚደበቀው፣ ለሌላው ግልጽ ነው። ስለዚህ ከተማው አያውቅም ብለሽ ከጻፍሽ ማንም አያምንሽም፣ ከተማው ሁሉ ያውቃል የማታውቀው እሷ ብቻ ናት ብለሽ ከጻፍሽ ግን እኔ ዛሬ ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አባቶቻችን ይሄን ነገር ስለሚያውቁ ነው አፈርሳታ የነበረው፣ አውጫጭኝም ይሉታል። ሰው ተገድሎ ወይ ቤት ተቃጥሎ አድራጊው ሲጠፋ ያገሩን ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበስቡታል፣ የቀረ ይቀጣል፣ አድራጊው እስኪወጣ ድረስ ስራ የለም እርሻ የለም ቁጭ ነው። ለምን መሰለሽ? የሚያውቅ ሰው እዛ ሜዳ ላይ እንዳለ እርግጠኛ ስለሆኑ ነው። ጥያቄው ማን ያውቃል አልነበረም፣ ማን አፉን ይከፍታል ነበር። አንቺ እንግዲህ የለቅሶውን ድንኳን አፈርሳታ አድርጊው። ልጅቷ መሀል ተቀምጣለች፣ የሚያውቁት ሁሉ ዙሪያዋን ተቀምጠዋል፣ ሶስት ቀን አይነሱም።

ሁለተኛ፣ የእድሩን መዝገብ ተጠቀሚበት። ማን ሞተ፣ ለቤተሰቡ ስንት ተከፈለ፣ ማን ወርሃዊውን አቋረጠ፣ ሁሉም እዛ አለ። እናቷ ስትሞት የቀብር ገንዘብ ለመቀበል የምትፈርመው ልጅቷ ናት አይደል? መዝገቡን ጸሐፊው ሲገልጥላት ወደ ኋላ አንድ ቅጠል ይሄድባት። ሐምሌ 1985፣ ባሏ ሑመራ ነው ለተባለች ሴት፣ «ለቀብር» ተብሎ ገንዘብ ወጥቷል። ጡሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም፣ ገንዘቡ ግን ተከፍሏል። ይሄን የምልሽ የሰውን ጠባይ ስለማውቅ ነው፣ ሰውየውን በሌሊት መቅበር የሆነላቸው ሰዎች እድሩን መብላት አይሆንላቸውም። የከፈለ ሰው ነዋ፣ ድርሻው ነው። ያ መስመር ነው የሚያጋልጣቸው።

ሶስተኛ አልቃሽ ይኑርሽ። አልቃሽ ሌላው የማይችለውን ትናገራለች፣ ግጥም ነው ብላ ታልፋለች። ለምሳሌ እኔ አሁን እንደመጣልኝ ልግጠምልሽ፦

ሰሊጥ ሊያርም ሄዷል ብለውኛል ቆላ፣
ምን ጠጥቶ ፋፋ የጓሮው ባቄላ።

ይህንን ብላ ስታወርድ ሴቱ ሁሉ ደረቱን ይመታል፣ ወንዶቹ ጎንበስ ይላሉ፣ ልጅቷ ግን ስለ አባቷ ናፍቆት መስሏት ታለቅሳለች። አንባቢውም እንደሷ ያልፈዋል።

ሰዋስው

አባባ ግጥሙን ሳነብ ጸጉሬ ቆመ፣ እግዜር ይስጥልን።

ደጋዋ፣ እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፣ የትረካውን ጥያቄሽን ልውሰደው። እኔ በበኩሌ በአንደኛ መደብ ጻፊው ነው የምልሽ፣ ምክንያቱም ያንቺ ታሪክ ትልቁ ሀብቱ አንቱታ ውስጥ ነው ያለው፣ አንቱታ ደግሞ በልጅ አፍ ሲሆን ነው የሚያምረው።

እስቲ አስቢው፣ «መጡ» ስንል ምን አልን? አንድ የምናከብረው ሰው መጣ ማለት ይሆናል፣ ሶስት ሰዎች መጡም ይሆናል፣ ወንድም ሴትም ይሆናል። «እጃቸው» ስንል የአንድ ሽማግሌ እጅ ነው ወይስ የሰባት ሰው እጅ? ቃሉ አይነግርሽም። ሌላ ጸሐፊ ትዊስት (አንባቢ ያልጠበቀው መገልበጫ) ለመስራት ስንት ነገር ይደብቃል፣ አንቺ ምንም መደበቅ የለብሽም፣ ቋንቋው ራሱ ሁለቱንም በአንድ አፍ ይላል። የልጅቷን ትዝታ ምዕራፍ አንድ ላይ እንዲህ ብትጽፊው፦

«ማታ መጡ። ዝናብ ነበር። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። እማዬ ይግቡ በያቸው አለችኝ። ሲወጡ እጃቸውን አስታጠብኳቸው፣ ውሃው ጥቁር ነበር። ራሴን ዳበሱኝና ሄዱ።»

አንባቢው ከዚህ በፊት አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ጎረቤት አስተዋውቀሽው ከሆነ ሳያስበው እሳቸውን ያስቀምጣል። መጽሐፉን በሙሉ እሳቸውን ይጠረጥራል፣ ልጅቷም እሳቸውን ትጠረጥራለች። ከዛ መጨረሻ ላይ ያቺኑ አንቀጽ አንድም ቃል ሳትነኪ ድገሚያት። አሁን አንባቢው ሰፈሩ በሙሉ እንደነበር አውቋልና ያው ዓረፍተ ነገር ሌላ ይሆንበታል። ራሴን ዳበሱኝ፣ ሁሉም፣ ተራ በተራ። እኔ ይሄን ስጽፍልሽ ራሱ ሆዴን አንድ ነገር አለኝ።

ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «እሳቸው» ካልሽ አንድ ሰው ነው፣ ዋሸሽ ማለት ነው። «እነሱ» ካልሽ ብዙ ነው፣ ተነቃብሽ። ስለዚህ ተውላጠ ስሙን ተዪውና ግሱን ብቻ ያዢ። እናትየዋ ራሷ ወደ በሩ ዞራ «ግቡ» ብትል ብዙ መሆናቸው ይታወቃል፣ ለዛ ነው በልጅቷ በኩል «ይግቡ በያቸው» ያስባልኳት፣ እሱ ለአንድም ለብዙም ይሆናል። «ጎረቤታችን መጡ» አትበዪ፣ አንድ ይሆናል። «ጎረቤቶቻችን» አትበዪ። ባለቤቱን ዝለዪው፣ አማርኛ ባለቤት ሳይጠራ ዓረፍተ ነገር ይሞላለታል።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም እኮ፣ ጎንደር ቅኔ የሚዘረፍባት አገር ናት፣ ሰምና ወርቅ ከዚህ የተለየ ምንድነው? ሰሙ አንድ ሽማግሌ ነው ወርቁ ከተማው ነው። ህብር በሚባለው ደግሞ አንዱ ቃል ነው ሰሙንም ወርቁንም የሚይዘው፣ ወርቁ ከውጭ አይመጣም፣ እዛው ቃል ውስጥ ነው ያለው። ትሪለርም እንደዛ ነው ብዬ አምናለሁ፣ መጨረሻ ላይ ከሰማይ የሚወርድ መልስ አንባቢን ያስቀይማል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ፣ የአክብሮት ለውጡን ተመልከቺ። ከተማው አባትየውን በምን ይጠራዋል? ለልጅቷ ሲያወሩ «አባትሽ እንዲህ ነበሩ» ይላሉ፣ እርስ በርስ ሲያወሩ ግን አንዱ አምልጦት «እሱ» ይበል። አንድ ጊዜ ብቻ። የሞተን ሰው ያውም ልጁ ፊት ከ«እሳቸው» ወደ «እሱ» ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሐበሻ ይገባዋል።

ተረኛ ነርስ

የአእምሮ ጤና ላይ ነው የምሰራው እዚሁ ጎንደር፣ ሶስተኛዋ ጓደኛሽ ያላመነችበትን ቦታ እኔም ሳላነበው አላምነውም። ድንገት አንድ ነገር አይታ ሁሉም ነገር እንደ ፊልም ተመለሰላት የሚለው በብዙ መጽሐፍ አለ ግን ትዝታ እንደዛ አይደለም። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቆይቶ እንዳለ የሚወጣ ነገር የለም፣ ባስታወስነው ቁጥር እንደገና ነው የምንሰራው፣ ስንሰራው ደግሞ ሌሎች የነገሩንን እየቀላቀልን ነው።

ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1974 ያሳተሙት ጥናት አለ፣ ለተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳዩና አንዱን ቡድን «መኪኖቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር» ብለው ጠየቁት፣ ሌላውን ቡድን ደግሞ በጣም ጠንከር ባለ ቃል፣ «ሲላተሙ» እንደማለት። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ» ሲሏቸው ጠንካራውን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ አይተናል አሉ፣ ለስላሳውን ከሰሙት 50 ደግሞ 7ቱ። ፊልሙ ላይ ምንም የተሰበረ መስታወት አልነበረም። አንዲት ቃል ናት ይሄን ያደረገችው! አሁን አንዲትን የ7 አመት ልጅ 25 አመት ሙሉ አንድ ቃል ሲነግሯት አስቢ።

ደግሞ 7 አመት ትንሽ አይደለም። አብዛኛው ሰው የማያስታውሰው ከሶስት አመት ተኩል ገደማ በፊት ያለውን ነው፣ የ7 አመት ልጅ ያስታውሳል። ስለዚህ ረስታው ነበር አትበዪን። አልረሳችውም በዪ። ሁልጊዜም ታስታውሰዋለች፣ ዝናቡን፣ የጓሮውን አፈር ሽታ፣ ፋኖሱን፣ መቆፈሪያውን። ግን በማግስቱ «ባቄላ ሊዘሩልን መጥተው ነው» ተብላለች፣ ወሩ ሐምሌ ነው ባቄላ የሚዘራበት ነው፣ እውነትም በቀለ፣ በላችም። ደስ የሚል የልጅነት ትዝታ ሆኖ ነው የኖረው፣ አዲስ አበባ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚናፍቃት ነገር ነው፣ ጎረቤት ተባብሮ የዘራልን ጊዜ እያለች ለልጆቿ የምታወራው። ከዛ አባባ የእድር መዝገቡን ይዘው እንዳሉት «ለቀብር» የሚለውን ታያለች። ወደ ቤት እየሄደች እያለ ነው አንድ ጥያቄ የሚመጣባት፦ ባቄላ በሌሊት የሚዘራ ማነው?

አዲስ ትዝታ አልመጣላትም። ያው ትዝታ ነው፣ የተሰጠው ስም ብቻ ነው የወደቀው። ከሙያዬ አንጻር እኔ የማምነው እንደዚህ ያለውን ነው።

አንድ ልመና አለኝ። እባክሽን «የከተማው እብድ» የሚባል ሰው አስገብተሽ ጥፋተኛም ምስክርም አታድርጊው። እኔ የማያቸው ታማሚዎች ሰው የሚጎዱ ሳይሆን ሰው የሚጎዳቸው ናቸው፣ መጽሐፍና ፊልም ያደረሰባቸው በደል ይበቃል። ይልቅ መጠየቅ ስትጀምር ከተማው እሷን «ሐዘኑ መታት» ይበላት፣ በፍቅር፣ ሻይ እያመጡ፣ እያባበሉ፣ ጠበል እንውሰድሽ እያሉ። እንቅልፍ አጥታለች፣ አልበላችም፣ እሷም ቀስ በቀስ ራሷን መጠርጠር ትጀምራለች። ከዛ በላይ የሚያስፈራ ነገር አላውቅም፣ የሚወዱሽ ሰዎች ተባብረው ያየሽውን አላየሽም ሲሉሽ።

አንባቢ ከአዘዞ

ጥሩ ነገር ነው የተባለው፣ እኔ ትሪለር ብዙ አነባለሁ እና ስለ ሁለተኛው ጓደኛሽ አትጨነቂ ነው የምለው። አባትየው ጓሮ መሆኑን በ60ኛ ገጽ ቢያውቅ ምን ችግር አለው፣ እንደውም አንቺው በ40ኛው ንገሪው። ከዛ በኋላ የምፈራው ታውቃለች ወይ አታውቅም ሳይሆን አውቃ ምን ታደርጋለች የሚለውን ነው። እናቷን ያዳኗት ሰዎች ናቸው፣ አባቷን የቀበሩትም እነሱ ናቸው። ፖሊስ ጋር ትሄዳለች? ያቺን አሮጊት ታሳስራለች? እኔ እስከ መጨረሻው የሚያስነብበኝ ይሄ ነው።

ጓሮውን የምትቆፍረው መቼ ነው? የከተራ ማታ አድርጊው፣ ጥር 10። ታቦቱ ወርዶ ውሃ ዳር ሲያድር ህዝቡ ሁሉ እዛው ነው፣ ሰፈሩ ጭር ይላል፣ ከሩቅ ከበሮና እልልታ ይሰማል እሷ ትቆፍራለች። ብዙ ሰው የጎንደርን ጥምቀት ሲጽፍ ፋሲል መዋኛውን ብቻ ነው የሚያሳየን፣ ባዶ የቀሩትን ቤቶች ማንም አሳይቶን አያውቅም።

አንድ ሀሳብ ደግሞ፣ ለምን 1985 ሆነ? ወደ 1970 ብትወስጂው፣ ቀይ ሽብር ላይ፣ ጎንደር በደርጉ አስተዳዳሪ በመላኩ ተፈራ ጊዜ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፣ ያኔ ማልቀስ እንኳን ክልክል ስለነበር ሬሳ ተደብቆ ቢቀበር ማንም አይጠይቅም፣ ዝምታውም የበለጠ ይታመናል።

ከጃንተከል ስር

አንባቢ፣ በሌላው ሁሉ እስማማለሁ በመጨረሻው ግን አልስማማም፣ ለምን እንደሆነ ልናገር።

የእኛ ቤት በ1970 አንድ ልጅ አጥቷል፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም። አያቴ አላለቀሰችም፣ አይቻልማ። ጥቁር መልበስ አይቻልም፣ ድንኳን አይቻልም፣ ለቅሶ ደራሽ አይመጣም። ከዛ በኋላ በሕይወት እስካለች ድረስ ለሌላ ሰው ለቅሶ ስትሄድ ነበር ለልጇ የምታለቅሰው፣ ሰው «እንዴት ያለች ሩህሩህ ናት» ይላል፣ ሁሉም ግን ለማን እንደምታለቅስ ያውቃል። «ሁለተኛ አልወልድም» ያሉ እናቶች አገር ናት ጎንደር። ያን ጊዜ ሰውን ዝም ያሰኘው መንግሥት ነው፣ አብዮት ጠባቂው በር ላይ ቆሞ ነው። የደጋዋ ከተማ ግን ዝም ያለው ማንም ሳያዘው ነው፣ ለአንዲት ሴት ብሎ ነው። ሁለቱ ዝምታ አንድ አይደለም። ከቀላቀልሻቸው የጎረቤቶቹ ጥፋት የደርግ ጥፋት ይሆንና ማንም አይጠየቅም፣ የእኛ ሐዘን ደግሞ ለሌላ ታሪክ ማድመቂያ ይሆናል። ቀይ ሽብርን መጻፍ ከፈለግሽ ለብቻው ጻፊው፣ እኔም እነግርሻለሁ የማውቀውን። 1985ን ግን አትንኪው። ደርግ በ1983 ወድቋል፣ ሰው መናገር የሚችልበት ጊዜ ነበር፣ አለመናገራቸው ትርጉም የሚኖረው ለዛ ነው።

አያቴን ግን ውሰጃት፣ ፈቅጄልሻለሁ። ያቺ «ይቅር በይን» ያሉት አሮጊት በ1970 ልጃቸውን ሳያለቅሱ የቀበሩ ሴት ይሁኑ። አንድም ቦታ አታብራሪው። በሰው ለቅሶ ለምን እንዲህ እንደሚያለቅሱ ጎንደር ያደገ ሰው ይገባዋል። ከዛ ደግሞ አስቢው፣ እሳቸው ናቸው ያን ሌሊት «እንቅበረው እንጂ» ያሉት። ሳይለቀስ መቀበር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሴት።

አንባቢ ከአዘዞ

ልክ ነህ/ልክ ነሽ፣ ሀሳቤን አንስቻለሁ። ስለ አያትሽ/አያትህ ነፍስ ይማር።

ደጋዋ

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም፣ ከትናንት ጀምሮ አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

የወሰንኩትን ልንገራችሁ። በአንደኛ መደብ ነው፣ የሰዋስውን አንቀጽ መነሻ አድርጌ ዛሬ ሌሊት ምዕራፍ አንድን እንደ አዲስ ጻፍኩት፣ ተውላጠ ስም ሳይኖር ሰው መተረክ እንደዚህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር፣ ግን ሲመጣ ይመጣል። ትዝ አላት የሚለውን ምዕራፍ በሙሉ፣ 18 ገጽ ነው፣ አወጣሁት። በምትኩ ባቄላው ገባ፣ ልጆቿን ስታስተኛ የምታወራው ታሪክ ሆኖ መጀመሪያው ላይ። ተረኛ ነርስ፣ እኔም ደጋ ስላደግኩ እሸት ባቄላ የምወድ ሰው ነኝ፣ ያን መስመር ስጽፍ ግን እጄ ቆመ። እብድ የተባለው ገጸ ባህሪም ነበረኝ፣ እውነቴን ነው፣ እሱም ወጥቷል፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሮጊቷን በተመለከተ ጃንተከል፣ በአደራ ነው የምይዛቸው።

እናትየዋ የሞተችበትን ጊዜ ወደ ጥር አምጥቼዋለሁ ለከተራው እንዲሆን። ትቆፍራለች ወይስ መቆፈሪያውን አስቀምጣ ወደ ታቦቱ ትወርዳለች የሚለውን ገና አልወሰንኩም።

አባባ፣ የእድር መዝገቡን ነገር በደንብ ለመጻፍ መልኩን ማየት ፈለግኩ፣ ማለቴ የድሮው መዝገብ እንዴት እንደሚሰመር፣ ገንዘብ ሲወጣ በምን ቃል እንደሚጻፍ፣ ማን እንደሚፈርም። እናቴ አሁንም እዛው ከተማ ናት፣ የእድሩ ሰብሳቢም ጎረቤታችን ናቸው፣ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ደወልኩላትና የ85ቱን የ86ቱን አካባቢ መዝገብ ያስቀመጠው ማነው ብዬ ጠየቅኳት። ለምንሽ ነው አለችኝ። ለምጽፈው ልቦለድ ነው እማ አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለችኝ። «ስትመጪ እናወራለን፣ በስልክ አይሆንም።»

ቅዳሜ እሄዳለሁ።